አገር ያወቀው፣ መዝገብ የናቀው

የእናቴ ታላቅ ወንድም ዐርፈው ለአርባቸው መሐል ሜዳ ሄጄ ነበር። ጊዜው የ2017 ዓ.ም. መጨረሻ ነው። መንገዱ ሰላም መሆኑን ሦስት ሰው ጠይቄ፣ ሦስቱም ‹‹ለዛሬ ሰላም ነው›› ካሉኝ በኋላ ተሳፈርኩ። ከጣርማ በር ታጥፈን የመንዝን ደጋ ስንያያዘው ከአዲስ አበባ የለበስኩት ጃኬት ለጌጥ ብቻ መሆኑ ገባኝ። መሐል ሜዳ ከባሕር ጠለል ከ3 ሺህ ሜትር በላይ ነው የተቀመጠችው። እዚያ ሰው የሚከበረው በሹመቱ ሳይሆን በደረበው ባና ውፍረት ይመስለኛል።

ድንኳን ውስጥ ከሽማግሌዎቹ ጎን ተቀምጬ ጠላዬን እየተጎነጨሁ ሳለ የእህቴ ልጅ ከበስተኋላዬ መጥቶ ትከሻዬን ነካ አደረገኝ።

‹‹ጋሼ፣ አንዴ ብቅ ይበሉልኝ። የማማክርዎ ነገር አለ።››

ወጣሁ። የገንዘብ ጉዳይ መስሎኝ እጄ ሳላዘው ወደ ኪሴ ሄዶ ነበር።

‹‹ውክፔዲያ ላይ ይጻፉኝ›› አለኝ።

‹‹ማንን?››

‹‹እኔን።››

ልጁ ማን እንደሆነ ልንገራችሁ። ሃያ አራት ዓመቱ ነው። ስልኩን እንጨት ላይ እያሰረ አጫጭር ቪዲዮ ይቀርጻል። አንዳንዴ የጭላዳ ዝንጀሮ ድምፅ ያስመስላል፤ አንዳንዴ የአያቱን ነጠላ ተከናንቦ እንደ ባልቴት ይቆጣል፤ አንዳንዴ ደግሞ የበግ ጠጉር እየሸለተ ከበጉ ጋር ይከራከራል። በጉ ሁልጊዜ ይረታል። በዚህ ሥራው አራት መቶ ሺህ ተከታይ አፍርቷል። የመሐል ሜዳ ገበያ በበዓል ሰሞን እንኳ የዚህን ሩብ ሰው አይቶ የሚያውቅ አይመስለኝም።

ሳቅኩ። ለቅሶ ቤት መሆኑን ረስቼ ሳቅኩ።

‹‹ምን ሠርተህ ነው ውክፔዲያ የምትገባው?›› አልኩት።

‹‹እታወቃለሁ እኮ ጋሼ! አዲስ አበባ ስመጣ ሰው መንገድ ላይ እያስቆመ አብሮኝ ፎቶ ይነሣል። ከእርስዎ ጋር የተነሣ አለ?››

እዚህ ላይ እውነቱን ልናገር። ከሃያ ዓመት በላይ ጋዜጣ ላይ ጽፌአለሁ። አንድም ቀን መንገድ ላይ ያስቆመኝ ሰው የለም፤ ያስቆሙኝ ካሉም ሰዓት ሊጠይቁ ነው። ስለዚህ ያ ሳቄ ለመዝገበ ዕውቀት ክብር ከመቆርቆር ብቻ የመጣ አልነበረም። ትንሽ ቅናትም ነበረበት። ቅናትን ደግሞ ቁም ነገር አልብሶ ማውጣት የኛ የተማርን ሰዎች ልማድ ነው።

ቁም ነገሩን አለበስኩትና ማስተማር ጀመርኩ። ውክፔዲያ እ.ኤ.አ. በጥር 2001 የተጀመረ፣ ማንም የሚጽፍበት፣ ማንም የሚያርመው የኢንተርኔት መዝገበ ዕውቀት ነው። የእንግሊዝኛው ከ7 ሚሊዮን በላይ ጽሑፎች አሉት፤ የኛው የአማርኛው 15 ሺህ ገደማ ነው። ማንም ይጻፍበት እንጂ ማንም አይገባበትም። አንድ ሰው የራሱ ገጽ እንዲኖረው ከባለጉዳዩ ጋር ንክኪ የሌላቸው፣ የሚታመኑ ጽሑፎች ስለሱ በሰፊው ጽፈው መገኘት አለባቸው። የተከታይ ብዛት ብቻውን አይቆጠርም። ስለራስ መጻፍም አይወደድም።

ልጁ ግራ የተጋባ መሰለኝ። እኔም ነገሩን ወደ አገራችን አመጣሁለት። መንዝ በርስት ክርክር ያደገ አገር ነው፤ ሙግት ሳይማር የሚያውቅ ሕዝብ ነው።

‹‹ስማ›› አልኩት፤ ‹‹ዳኛ ፊት ቆመህ ‹ይህ መሬት የኔ ነው› ብትል ይበቃል?››

‹‹ምስክር ቁጠር እባላለሁ።››

‹‹ወንድምህን ብትቆጥርስ?››

‹‹ዘመድ ነው ይሉኛል።››

‹‹በቃ። የውክፔዲያ ሕጉ ይኸው ነው። ባለጉዳዩ ለራሱ አይመሰክርም፤ ዘመድ አይመሰክርም። ባዳ መጥቶ ‹አውቀዋለሁ፣ ይህንና ይህን ሠርቷል› ብሎ የጻፈልህ እንደሆነ ነው።››

ዝም አለ። ከዚያ ዓይኑ በራ። ‹‹ታዲያ እርስዎ ጋዜጣ ላይ ይጻፉኛ! ከዚያ እሱን ምስክር አድርገን...››

‹‹እኔ አጎትህ ነኝ!››

‹‹ጋዜጣው ምን ያውቃል?››

መንዜ ነውና ሙግቱን እንዲህ በቀላሉ አልለቀቀም። ስልኩን አወጣና የአማርኛውን ውክፔዲያ ከፍቶ አሳየኝ። የተረትና ምሳሌ መዓት ነው። አንዲት ተረት፣ አንድ ገጽ፤ ሌላዋ ተረት፣ ሌላ ገጽ። ‹‹ለእነዚህስ ማን መሰከረ?›› አለኝ። ‹‹ተረት ገጽ ካላት ሰው ምን አጠፋ?››

መልስ አጣሁ። ነገሩን ሳስበው ደግሞ ጥያቄው የሱ ብቻ አይደለም። ‹‹ማን ይግባ?›› የሚለው ጭቅጭቅ ከመዝገበ ዕውቀት ጋር አብሮ የተወለደ ነው። ብሪታኒካ የሚባለው ታላቁ መዝገበ ዕውቀት እ.ኤ.አ. በ1768 ኤዲንብራ ላይ መታተም ሲጀምር የማንም ሰው የሕይወት ታሪክ አልነበረበትም። በሁለተኛው እትም የሰዎች ታሪክ ይግባ ሲባል የመጀመሪያው አዘጋጅ ዊሊያም ስሜሊ ‹‹ይህ የጥበብና የሳይንስ መጽሐፍ ነው፤ የሰው ታሪክ ምን ሊሠራበት?›› በሚል አቋሙ ሥራውን አልቀበልም አለ። እንግዲህ እንደ ስሜሊ ቢሆን የእህቴ ልጅ ቀርቶ ንጉሡም ባልገቡ ነበር።

ምስክር የሚለው ሕግም ቢሆን ነቀፋ አለበት። እ.ኤ.አ. በ2018 በካናዳ ዋተርሉ ዩኒቨርሲቲ የምታስተምር ዶና ስትሪክላንድ የተባለች የፊዚክስ ሊቅ ነበረች። በዚያ ዓመት ግንቦት ላይ አንድ ሰው ስለሷ ጽፎ ለእንግሊዝኛው ውክፔዲያ ቢያቀርብ ‹‹የቀረቡት ምንጮች ታዋቂነቷን አያሳዩም›› ተብሎ ተመለሰ። ጥቅምት ሲገባ የኖቤልን የፊዚክስ ሽልማት ተሸለመች። ከማሪ ኩሪና ከማሪያ ጎፐርት ማየር ቀጥሎ በፊዚክስ ሦስተኛዋ ሴት ናት። ገጿ የተከፈተው ሽልማቱ በታወጀ ዕለት ነው። ሥራውን የሠራችው ከሠላሳ ዓመት በፊት ነበር፤ የጎደለው ሥራ ሳይሆን ስለ ሥራዋ የጻፈ ባዳ ነው።

ይህን ለልጁ አልነገርኩትም። ብነግረው ‹‹ይኸው! እኔም እንደሷ ነኝ›› ማለቱ አይቀርም።

ሲመሽ ዘመድ ብቻ ቀረን። ምድጃው ዙሪያ ተሰብስበን ስለ አጎቴ ወግ ተጀመረ። አጎቴ በወጣትነታቸው የጓሳ ጠባቂ ነበሩ። ጓሳን የማያውቅ ካለ፣ ከመሐል ሜዳ ብዙ ሳይርቅ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል የሚሸፍን የውርጭ አገር ሣርና ቁጥቋጦ ነው። ቀይ ቀበሮና ጭላዳ የሚኖሩበት ነው። ሣሩ ቤት ይከደንበታል፣ ገመድ ይገመድበታል፣ ገሳ ይሠራበታል። መንዞች ይህን መሬት ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምረው በራሳቸው ሕግ ሲጠብቁት ኖረዋል። ሕጉ ቄሮ ይባላል፤ ስሙን ስትሰሙ ሌላ ነገር ትዝ እንዳይላችሁ፣ ይህ የመንዝ የቆየ የጓሳ ሥርዓት ነው። የተመረጠ አለቃ አለው። ‹‹ጓሳ ተዘግቷል›› ከተባለ ሦስትም አምስትም ዓመት ሣር የሚያጭድ፣ ከብት የሚያሰማራ አይኖርም። ቀኑ ሲደርስ ይከፈትና ሁሉም ድርሻውን ይወስዳል። በ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ርስት ሲቀር በርስት ላይ የቆመው ሥርዓትም አብሮ ፈረሰ። በኋላ በሌላ መልክ፣ በማኅበረሰቡ ጥበቃ፣ እንደገና ቆሟል።

እህቴ እሳቱን እየቆሰቆሰች ‹‹ምነው ድምፃቸው እንኳ በቀረልን!›› አለች።

የእህቴ ልጅ አቀረቀረ። እኔም አቀረቀርኩ። ምክንያቱን የምናውቀው ሁለታችን ብቻ ነን።

በ2014 ዓ.ም. ይህ ልጅ አጎቴን ቀርጿቸው ነበር። በረት ደጃፍ፣ ባናቸውን ደርበው፣ በመንዝኛ ቅላፄአቸው ጓሳ እንዴት እንደሚዘጋ፣ ጥሪው እንዴት እንደሚጠራ፣ ሌባ አጫጅ ሲያዝ ምን እንደሚደረግ ይናገራሉ። መጨረሻ ላይ ጥሪውን ራሱን ተጣሩት። ሰማንያ ዓመት ከተጠጋ ሰው እንዲያ ያለ ድምፅ ይወጣል ብሎ የሚገምት የለም። ቪዲዮው በጥቂት ቀን ውስጥ ሁለት ሚሊዮን ጊዜ ታየ። ከሥሩ የተጻፈው ግን ሳቅ ብቻ ነው። ቅላፄአቸው ሳቅ፣ ጥሪያቸው ሳቅ፣ ባናቸው ሳቅ። ጥሪውን ቆርጠው ሙዚቃ ያደረጉትም ነበሩ።

ቢሮ ውስጥ አንድ የሥራ ባልደረባዬ አሳየኝ። ‹‹እዪዋት የአገርህን ሽማግሌ!›› ብሎ። ደሜ ፈላ። ወዲያው ደወልኩና ልጁን አፌ ያመጣልኝን ሁሉ አወረድኩበት። ‹‹ሽማግሌ መሳቂያ ታደርጋለህ? አሁኑኑ አጥፋው!›› አልኩት። ‹‹አባባ ራሳቸው ወደውት ነው እኮ ጋሼ›› ቢለኝ አልሰማሁትም። አጠፋው። የኔን ቃል አክብሮ ከስልኩም አጠፋው። በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ በክልሉ የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ ደግሞ እሱ ራሱ ለረዥም ጊዜ ጠፋ። ተመልካቹም ሌላ የሚያስቅ ፈልጎ ሄደ።

እንግዲህ የአጎቴን ድምፅ ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ለክብራቸው ተቆርቁሬ አጠፋሁት። እኔ ግን በሃያ ዓመት የጋዜጠኝነት ዘመኔ አንድ ቀን እንኳ ማስታወሻ ደብተር ይዤ ‹‹አጎቴ፣ ጓሳ እንዴት ነበር የሚጠበቀው?›› ብዬ አልጠየቅኳቸውም። የጠየቃቸው ያ ከበግ ጋር የሚከራከረው ልጅ ነው።

በዚያች ሌሊት ስልኩን ይዞ ሲፈልግ አመሸ። እኩለ ሌሊት ግድም ‹‹ጋሼ!›› አለ። አንድ የማናውቀው ሰው ቪዲዮውን ገና ሳይጠፋ ወስዶ በራሱ ስም ለቆታል። ተቆርጦ ተቆርጦ ሃያ ሰከንድ ቀርቶታል። ጥሪው ብቻ ነው ያለው። ከላዩ ‹‹የመንዝ ሽማግሌ ሲቀልዱ›› የሚል ጽሑፍ አለበት። እህቴ ደጋግማ አየችው። አለቀሰች። ከዚያ ‹‹ስማቸውስ?›› ብላ ጠየቀች። ስማቸው የለም።

እኔ ነገሩ የገባኝ ያኔ ነው። ሁለት ሚሊዮን ጊዜ ታይተዋል። ከዚያ ሁሉ ተመልካች መካከል ‹‹እኚህ ሰው እገሌ ይባላሉ፣ ይህን ሠርተዋል›› ብሎ የሚመሰክር አንድ ሰው የለም። ማየት ሌላ፣ መመስከር ሌላ! አራት መቶ ሺህ ተከታይም ቢሆን አራት መቶ ሺህ ምስክር አይደለም። የውክፔዲያ ሕግ የተከታይ ብዛት አልቆጥርም ማለቱ ለካ ንቀት አይደለም። ገበያ የሞላ ሰው አይቶህ ሊሆን ይችላል፤ ዳኛ ፊት ቆሞ ስምህን የሚጠራው ግን ያወቀህ ነው።

እስቲ ይህን ነገር ከኢንተርኔት አውጥታችሁ እዩት። ዶናልድ ሌቪን የተባለው አሜሪካዊ ሊቅ መንዝ ውስጥ ተቀምጦ የአማራን ገበሬ ኑሮ አጥንቶ እ.ኤ.አ. በ1965 ‹‹ሰምና ወርቅ›› የተባለውን መጽሐፉን አሳተመ። መንዝን በዓለም ሊቃውንት ዘንድ ያስጠራ ሥራ ነው፤ ስሙ የታወቀው ግን የጻፈው ነው፤ ኑሮውን ያካፈለው ገበሬ ‹‹የመንዝ ገበሬ›› ሆኖ ቀረ። የጓሳን ሥርዓትም ዶክተር ዘለዓለም ተፈራን የመሰሉ ተመራማሪዎች አጥንተው ጽፈውታል፤ ዛሬ ስለ ጓሳ በመዝገበ ዕውቀት የሚነበብ ነገር ካለ በእነሱ ድካም ነው። የጠባቂዎቹ ስም ግን የለም፤ ‹‹የአካባቢው ማኅበረሰብ›› ነው የሚባሉት። ተመራማሪዎቹ ሥራቸው ሥርዓቱን ማጥናት ነበር፤ የሰዎቹን ስም መመዝገብ የኛ የልጆቻቸው ፋንታ ነበር።

ይህን ሁሉ ሳሰላስል ከዚሁ ከጎረቤታችን ከመርሐቤቴ የተወለዱት ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ትዝ አሉኝ። በ1915 ዓ.ም. የታወቁ ኢትዮጵያውያንን ሕይወት በአጭር በአጭሩ የሚተርክ መጽሐፍ አሳትመዋል። በዘመኑ እንደነበረው ሁሉ ትኩረታቸው መሳፍንቱ፣ መኳንንቱና ሊቃውንቱ ናቸው። እኔ የምወደው ርእሱን ነው፤ ‹‹የሕይወት ታሪክ›› ካሉ በኋላ ‹‹በኋላ ዘመን ለሚነሡ ልጆች ማስታወሻ›› ብለው ጨምረውበታል።

ልብ በሉ፤ ‹‹ለታላላቆች ሽልማት›› አላሉም። ለሚነሡ ልጆች ማስታወሻ ነው ያሉት። የኛ ጭቅጭቅ ሁሉ የሚመጣው መዝገብን እንደ ሜዳልያ ስለምናየው ነው። ልጁም ሜዳልያውን ፈልጎ ነው የመጣው፤ እኔም ሜዳልያውን ነፍጌ ነው የሳቅኩት። ሁለታችንም ተሳስተናል።

ታዲያ የኢንተርኔት ዝነኛ መዝገበ ዕውቀት ይግባ ወይስ አይግባ? በኔ በኩል፣ ባዳ ከመሰከረለት ይግባ! ቁም ነገር ሠርቶም ይሁን ቀልዶ ይግባ። በ2017 ዓ.ም. በዩቲዩብ በቀጥታ በተላለፈ ዝግጅት ለመቄዶንያ የአረጋውያንና የአእምሮ ሕሙማን መርጃ በመቶ ሚሊዮኖች የሚቆጠር ብር መሰብሰቡን አይተናል። ያንን የዘገቡ ጋዜጦች አሉ፤ ምስክር አለ። ቀልድ ብቻ የሠራም ቢሆን የኋላ ዘመን ልጆች ‹‹አባቶቻችን ሌሊት ተጋድመው የሚስቁት በምን ነበር?›› ብለው መጠየቃቸው አይቀርም፤ የሚመልስላቸው ሊያገኙ ይገባል። በሌላ በኩል፣ ያልተመሰከረለት ደግሞ ሚሊዮን ተከታይ ቢያሰልፍም ይጠብቅ። የሚያሳዝነኝ የቀልደኛው መግባት አይደለም። የሚያሳዝነኝ ምስክር የመሆን ግዴታ ያለብን ሰዎች ቁጭ ብለን ቀልደኛው ለምን ገባ እያልን መሟገታችን ነው። ስለ ጓሳ ጠባቂ ያልጻፍኩት እኔ፣ ስለ ዝንጀሮ ድምፅ በተጻፈው ለመሳቅ ምን አፍ አለኝ?

በነጋታው ወደ አዲስ አበባ መመለሱን ተውኩት። ከልጁ ጋር ሆነን ከአጎቴ ጋር ጓሳ ይጠብቁ የነበሩ ሦስት ሽማግሌዎች ቤት ዞርን። ሦስቱም የቀሩት እነሱ ብቻ መሆናቸውን ነገሩን። ልጁ ይቀርጻል፣ እኔ እጽፋለሁ። አንድ ነገር ብቻ ደንግገናል፦ መጀመሪያ ስም ከነአያት ይነገራል፤ ቀልድ ካለ ከዚያ በኋላ ነው። ሦስተኛው ሽማግሌ የራሳቸውን ስም ከተናገሩ በኋላ አብረዋቸው የጠበቁትን የሟቾቹን ስም በጣታቸው እየቆጠሩ ይዘረዝሩ ጀመር። አሥራ አንድ ስም ጠሩ። ልጁ ‹‹ይህ ይረዝማል፤ ሰው አያየውም›› ብሎ በጆሮዬ ሹክ አለኝ። ‹‹አትቁረጠው›› አልኩት።

አልቆረጠውም። ከሁለት ሳምንት በኋላ ደወለልኝ። ድምፁ ቀዝቅዟል።

‹‹አራት ሺህ ሰው ብቻ ነው ያየው ጋሼ። በጉ እንኳ ከዚህ ይሻላል።››

‹‹ከሥሩ ምን ተጻፈ?››

‹‹ብዙም የለም። አንድ ሰው ከዋሽንግተን ጽፏል። ‹አራተኛ ላይ የተጠሩት አያቴ ናቸው። ጓሳ ጠባቂ መሆናቸውን ዛሬ ነው የሰማሁት› ይላል።››

ሁለታችንም ትንሽ ዝም አልን። ከዚያ እሱ መንዜነቱ ተመለሰለት።

‹‹ጋሼ፣ አሁንስ ውክፔዲያ አልገባም?››

‹‹ገና ነህ›› አልኩት።

‹‹አባባስ?››

ለዚህኛው መልስ አጣሁ። ይህን ጽሑፍ ስታነቡ የአጎቴን ስም አለመጥራቴን አስተውላችሁ ይሆናል። ረስቼው አይደለም፤ ቪዲዮው ላይ ሦስቱም ሽማግሌዎች ከነአያታቸው ጠርተዋቸዋል። እኔ ግን ዘመድ ነኝ። የኔ ምስክርነት አይቆጠርም። ከእናንተ መካከል መሐል ሜዳ የሚደርስ ባዳ ካለ፣ ሽማግሌዎቹ አሁንም እዚያው ናቸው። ይጠይቃቸው፤ ይጻፈውም።